ወንድሜ ቃየን ነው ወይ?

«ውድ አማካሪያችን፣

ታናሽ ወንድሜ ቤት የለውም። ሥራውን ካጣ በኋላ መጀመሪያ ጓደኞቹ ዘንድ ይጠጋ ነበር፤ አሁን ደጅ ነው የሚያድረው። አንዴ እዚህ፣ አንዴ ሌላ ከተማ ነው። አልፎ አልፎ እኛ ጋ ይመጣል። ታጥቦ፣ በልቶ፣ ሁለት ሦስት ቀን ተኝቶ ሳይሰናበት ውልቅ ይላል።

በጸሎት ቡድናችን ያሉ አንድ ትልቅ ሰው ‹ይሄ የቃየን እርግማን ነው፤ ኮብላይና ተቅበዝባዥ ትሆናለህ ተብሎ ተጽፏል። ቤታችሁ ውስጥ ያለ ኃጢአት ይፈተሽ› አሉን። ሌላዋ እህት ደግሞ ልታጽናናኝ ብላ ‹አይዞሽ፣ ጌታም ራሱን የሚያስጠጋበት አልነበረውም፤ ወንድምሽ የተባረከ ነው› አለችኝ። የመጀመሪያው አሳመመኝ። ሁለተኛው ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይበልጥ አናደደኝ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ‹ምን አጥፍቼ ይሆን› እያለች የድሮ ነገር ትቆፍራለች።

መጽሐፉ በእውነት ምን ይላል? ቤት አጥቶ መንከራተት እርግማን ነው ወይስ በረከት? ወንድሜ ሲመጣስ ምን ልበለው?

ታላቅ እህት ነኝ»

ውድ ታላቅ እህት፣

ሁለቱም ሰዎች ከኪሳቸው አላወጡትም። ሁለቱም ጥቅሶች መጽሐፉ ውስጥ አሉ። ስህተቱ ያለው ጥቅሱን በላኩበት አድራሻ ላይ ነው። ይህን ለማሳየት ረዘም አድርጌ መጻፌ ነውና ታገሺኝ።

ከቃየን እንጀምር፤ እናትሽን እንቅልፍ የነሳት እሱ ነውና።

ዘፍጥረት ምዕራፍ 4ን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እስከ ፍርዱ ድረስ ነው። ቃየን ወንድሙን ገደለ፤ ምድር ኃይሏን አትሰጥህም፣ ኮብላይና ተቅበዝባዥ ትሆናለህ ተባለ፤ በቃ። ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም። ቃየን ይጮኻል። ቅጣቱ ከምሸከመው በላይ ነው፣ ያገኘኝ ሁሉ ይገድለኛል ይላል። ብርዱን ወይም ረሃቡን አላነሳም። የፈራው ሰውን ነው። ደጅ የሚያድር ሰው ይህን ፍርሃት በደንብ ያውቀዋል፤ ወንድምሽን ብትጠይቂው ይነግርሻል።

እግዚአብሔርም «የእጅህን አገኘህ» አላለውም። ቃየንን የገደለ ሰባት እጥፍ ይበቀልበታል አለ፤ ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለውም ምልክት አደረገለት። «የቃየን ምልክት» ሲባል ለብዙ ሰው የውርደት ማኅተም ይመስለዋል። ምዕራፉን ለሚያነብ ግን ምልክቱ ጥበቃ ነው። የገዛ ወንድሙን የገደለው ተቅበዝባዥ እንኳ ማንም እንዳይነካው ታውጆለታል።

ከዚያስ? ቃየን ከኤደን በስተምሥራቅ ኖድ በሚባል ምድር ተቀመጠ። ልጁ ሄኖክ ተወለደ። ከተማ ሠራ፤ በልጁም ስም ጠራት። በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያዋን ከተማ የቆረቆረው ተንከራተት የተባለው ሰውዬ ነው! ብዙ አንባቢ ይህን ዘሎት ያልፋል፤ የጥንት ተርጓሚዎች ግን አልዘለሉትም። የአይሁድ መምህራን ትምህርት በተሰበሰበበት በታልሙድ ውስጥ ስደት የኃጢአትን ግማሽ ያስተሰርያል የሚል አባባል አለ፤ ማስረጃው ራሱ ቃየን ነው። ኮብላይም ተቅበዝባዥም ትሆናለህ ከተባለው ፍርድ ገሚሱ ቀርቶለታል ብለው አነበቡት። የቤተ ክርስቲያን አባት የሚባለው አውግስጢኖስ ደግሞ በ5ኛው መቶ ዘመን ቃየን ከተማ ሲሠራ አቤል ግን እንደ መንገደኛ ምንም እንዳልሠራ አስተዋለ። ለእሱ በዚህ ምድር እንግዳ የሆነው ጻድቁ አቤል ነው። ትልቁ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር የዘጉት ምዕራፍ ለአንባቢዎቹ ይህን ያህል ክፍት ሆኖ ኖሯል።

ሌላም አለ። በቃየን ታሪክ ወንጀሉ ቀድሞ ተነገረን፣ መቅበዝበዙ ተከተለ። እኚህ ሰው ግን ገለበጡት። ቤት ማጣቱን አዩና ወንጀል ፍለጋ ወደ ኋላ ሄዱ። ይህ አካሄድ በመጽሐፉ ውስጥ የታወቁ ባለቤቶች አሉት፤ የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆች። ለፍትሕ ያህል እነሱም ጥሩ ነበር የጀመሩት፤ 7 ቀን ከኢዮብ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው፣ ልጆችህ በድለው ይሆናል፣ ክፋትህ ብዙ ነው እያሉ ቁስሉ ላይ እንጨት ሰደዱበት። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር ኤልፋዝን ተቆጣው። አንተና ሁለቱ ባልንጀሮችህ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አለው። ኢዮብ ራሱን ሲከላከል ካቀረባቸው ነገሮች አንዱም ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መጻተኛ ደጅ አላደረም፣ በሬን ለመንገደኛ ከፍቼ ነበር የሚል ነው። ምዕራፍ 31 ላይ ታገኚዋለሽ።

እና ከቃየን አፍ ለእኛ የሚሆን ነገር ከተፈለገ፣ «የወንድሜ ጠባቂው እኔ ነኝን?» የሚለው አለ። አንቺ ይህን ደብዳቤ የጻፍሽው ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ብለሽ ስለመለስሽ ነው። እናትሽም እንዲሁ። እናንተ ቤት ቃየን የሚያስብል ነገር አልታየኝም።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ዓይነቱ ንባብ የት እንደሚያደርስ ታሪክ አሳይቶናል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ፣ ወደ መስቀሉ ሲሄድ ኢየሱስን በማንጓጠጡ ዳግም እስኪመጣ ድረስ እንዲንከራተት ስለተፈረደበት አንድ አይሁዳዊ ይወራ ነበር። በ1602 በጀርመንኛ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ከአገር አገር ተሠራጨ። በወንጌል ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ወሬው ግን አንድን ሕዝብ በሙሉ «መንከራተቱ የእጁ ነው» ለማለት አገለገለ፤ ያባረሩት ሰዎች ራሳቸው «ለምን ይንከራተታል?» ብለው ጠየቁ። የተቸገረን ሰው በጥቅስ ወንጀለኛ ማድረግ ቀላል ነው። ለመክፈል የሚገደደው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ።

በአይሁድም በክርስቲያንም መጻሕፍት ውስጥ ስለ እንግድነትና ስለ መንከራተት የተነገሩትን ትልልቅ ቃሎች ማን እንደተናገራቸው አስተውለሻል? አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ራሱ ነው፤ ስለ ራሱ። አብርሃም 75 ዓመት ሲሆነው ከካራን ወጣ፤ አገሩን፣ ዘመዶቹን፣ የአባቱን ቤት ተወ። ምድሪቱ ለዘርህ ትሆናለች ተብሎ በድንኳን ኖረባት። ሣራ በ127 ዓመቷ ስትሞት የሚቀብርበት መሬት አልነበረውም። የኬጢ ልጆች ፊት ቆሞ እኔ በእናንተ ዘንድ ስደተኛና መጻተኛ ነኝ አለ። ኤፍሮን የሚባል ሰው «በነጻ ውሰደው» ይላል፤ በዚያው አፉ ደግሞ ዋጋው 400 ሰቅል ብር ነው፣ በእኔና በአንተ መካከል ይህ ምንድን ነው ይላል። (የመሬት ሻጭ ጨዋነት ከጥንትም እንዲህ ነበር።) አብርሃም ሳይከራከር መዝኖ ከፈለ። ከተስፋይቱ ምድር መጀመሪያ በእጁ የገባው የመቃብር ዋሻ ነው። ይህን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። የእምነት አባት የሚባለው ሰው በዚያ ሁሉ ዘመን ገዝቶ የራሱ ያደረገው ቤት የለም።

ያዕቆብም እንዲሁ። ወንድሙን ሸሽቶ ሲሄድ ድንጋይ ተንተርሶ ሜዳ ላይ አደረ፤ ሰማይ የተከፈተለት በዚያች ሌሊት ነው። ሲያረጅ ፈርዖን ዕድሜውን ጠየቀው። የእንግድነቴ ዘመን 130 ዓመት ነው፣ ጥቂትም ክፉም ሆነብኝ አለ። በዘዳግም 26 ደግሞ አንድ ገበሬ አለ። መሬት አለው፣ ምርት አለው፣ በቅርጫት በኩራቱን ይዞ መጥቷል። በመሠዊያው ፊት እንዲናገር የታዘዘው የመጀመሪያ ነገር ግን አባቴ ሲንከራተት የኖረ ሶርያዊ ነበረ፣ ወደ ግብፅም ወረደ የሚል ነው። አይሁድ እስከ ዛሬ በፋሲካ ሌሊት በማዕድ ዙሪያ የሚተነትኑት ይህንኑ ክፍል ነው። ጠግቦ የተቀመጠ ሰው «እኛ ተንከራታቾች ነበርን» ይላል። መዝሙረኛውም እኔ በምድር እንግዳ ነኝ ሲል ስለ ራሱ ነው የሚያወራው።

ንግግሩ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ግን፣ ማለትም ደጅህ ላይ ስለቆመው ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ የመንከራተቱን ምሥጢር መተርጎም ያቆማል። ትእዛዝ ይሰጣል። በግብፅ ምድር እንግዶች ስለ ነበራችሁ የእንግዳ ነፍስ እንዴት እንደ ሆነች ታውቃላችሁ፤ አታስጨንቁት። እንደ ራስህ ውደደው። የእርሻህን ቃርሚያ ተውለት። በታልሙድ ረቢ ኤሊዔዘር ኦሪት ስለ እንግዳው በ36 ቦታ ታስጠነቅቃለች ይላል፤ 46 የሚሉም አሉ። ሌላ ይህን ያህል የተደጋገመ ትእዛዝ ማግኘት ከባድ ነው። ኢሳይያስ 58 ላይ ደግሞ ነቢዩ ጾመኞችን ይጋፈጣል። እኔ የመረጥሁት ጾም እንጀራህን ለተራበ መቁረስ፣ ስደተኞቹን ድሆች ወደ ቤትህ ማግባት አይደለምን ይላል። ይህ ክፍል በምኩራቦች የሚነበበው ከዓመቱ ሁሉ በከበደው የጾም ቀን፣ በማስተሰረያ ቀን ጠዋት ነው። ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ለተቀመጡ ሰዎች ይህን ማንበብ ድፍረት ይጠይቃል፤ ወድጄላቸዋለሁ።

የዳስ በዓልንም ከዚህ ጋር አያይዤ ነው የማየው። በዘሌዋውያን 23 እስራኤል 7 ቀን ዳስ ውስጥ እንዲቀመጡ ታዘዋል፤ ከግብፅ ሲወጡ በዳስ እንደኖሩ ልጆቻቸው እንዲያውቁ። ቤት ያለው ነው እንዲወጣ የሚታዘዘው። ጣሪያ የሌለውን ሰው ይዞ «ጣሪያ አለመኖሩ መንፈሳዊ ትምህርት ነው» የሚል የለም። ትምህርቱ ለባለ ጣሪያው ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው። «እኔ ተቅበዝባዥ ነኝ» ማለት ጸሎት ሊሆን ይችላል። «አንተ ተቅበዝባዥ ነህ» ብሎ በሌላው ላይ መፍረድ ግን የእኛ ሥራ ሆኖ አልተሰጠንም። በእግዚአብሔር አፍ አንድ ሰው ላይ ሲነገር እንኳ ወዲያው ጥበቃ ተጨመረበት።

ወደ ሁለተኛዋ እህት እንሂድ። ክፉ አስባ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የተናደድሽበት ምክንያት ግን ይገባኛል።

ለቀበሮዎች ጕድጓድ ለሰማይም ወፎች መሳፈሪያ አላቸው፣ ለሰው ልጅ ግን ራሱን የሚያስጠጋበት የለውም የሚለው ቃል የተነገረው ለማን ነው? በማቴዎስ 8 አንድ ጻፊ ይመጣና መምህር ሆይ፣ ወደምትሄድበት ሁሉ እከተልሃለሁ ይላል። ኢየሱስ «አስበህበታል?» ዓይነት መልስ ነው የሰጠው። ማስጠንቀቂያ ነው። ኢየሱስ አሁንም ስለ ራሱ እየተናገረ ነው፤ አውቆ ስለገባበት መንገድ። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች እንራባለን፣ እንጠማለን፣ እንከራተታለን ሲል እንዲሁ ስለ ራሱና ስለ ባልንጀሮቹ ነው። በዕብራውያን 11 በዋሻና በምድር ጕድጓድ የተቅበዘበዙት፣ ዓለም አልተገባቸውም የተባሉት፣ ስለ እምነታቸው የተሳደዱ ናቸው። ወንድምሽ ሥራ አጥቶ ደጅ የወጣ ሰው ነው። እሱ ልበሰው ሳይል ይህን ካባ ማልበስ አይገባም። ቅዱስ ተብሎ የተተወ ሰው ያው የተተወ ነው።

ደግሞ ኢየሱስ ራሱ እንዴት ኖረ? ሰዎች እየተቀበሉት። ቢታንያ ላይ ማርታ በቤቷ ተቀበለችው። በሉቃስ 8 በገንዘባቸው የሚያገለግሉት ሴቶች በስም ተጠቅሰዋል፤ መግደላዊት ማርያም፣ ዮሐና፣ ሶስና። ራሱን የሚያስጠጋበት የሌለው ሰው ታሪክ በሌላ በኩል በር የከፈቱ ሰዎች ታሪክ ነው። በማቴዎስ 25 እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል ሲል «የአባቴ ብሩካን» የተባሉት ተቀባዮቹ ናቸው። እነሱም ጌታ ሆይ፣ እንግዳ ሆነህ መቼ አይተንህ ተቀበልንህ ብለው ግራ ይጋባሉ። ማንነቱን ተርጉመው አልነበረም የተቀበሉት። እህታችን «የተባረከ ነው» ያለችው ቃል እሷን ምንም አላስወጣትም። ንዴትሽ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ትክክለኛ ንዴት ነው።

በዕብራውያን 13 አንድ የማልሰለቸው ነገር አለ። ቁጥር 14 በዚህ የሚኖር ከተማ የለንምና ይላል። ስንት ስብከት ሰምተንበታል። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 2 ላይ ግን እንግዶችን መቀበል አትርሱ፣ አንዳንዶች ሳያውቁ መላእክትን ተቀብለዋል ተብሏል። ሁለቱን ለይቶ አንዱን ብቻ ማንበብ እንዴት ይመቻል!

መንከራተት ራሱ ቅድስና ቢሆን ኖሮ ደግሞ የነቢያት ተስፋ ቤት ባልሆነ ነበር። ሚክያስ እያንዳንዱ ከወይኑና ከበለሱ በታች ሲቀመጥ አየ፤ የሚያስፈራውም የለም። ኢሳይያስ ቤቶችን ይሠራሉ፣ ይቀመጡባቸዋልም አለ። ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ሲጽፍ ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለከተማይቱም ሰላም ጸልዩ አላቸው፤ ስደት ላይ ሆነው እንኳ። የምድረ በዳው 40 ዓመት በዘኍልቍ 14 ቅጣት እንደነበር በግልጽ ተጽፏል፤ ነገር ግን በዚያ ቅጣት ውስጥ መና ወረደ፣ ልብሳቸው አላረጀም፣ ደመናውም አልተለያቸውም። እግዚአብሔር ራሱ ድንኳን ውስጥ አብሯቸው ዞረ። በኋላ ዳዊት ቤት ልሥራልህ ሲለው፣ እስራኤልን ከግብፅ ካወጣሁበት ቀን ጀምሮ በቤት አልተቀመጥሁም፣ በድንኳን ስሄድ ነበር ብሎ በናታን በኩል መለሰለት። ረቢ ስምዖን ባር ዮሐይም እስራኤል በተሰደዱበት ሁሉ የእግዚአብሔር ማደሪያ ክብር አብሯቸው ተሰደደ ብሎ አስተማረ። እርግማን ነው በረከት ነው ስትዪኝ የምመልስልሽ ለዚህ ነው የሚቸግረኝ። ችግር ነው። ችግሩ ውስጥ ግን ብቻውን አይደለም።

ለእናትሽ መዝሙር 107ን አንብቢላት፤ በአንዳንድ ቅጂ ቁጥሩ 106 ነው። መዝሙሩ አራት ዓይነት ሰዎችን ይዘረዝራል። እስረኞቹ የልዑልን ምክር እንደናቁ ይናገራል። ታመው ሞት ደጃፍ የደረሱትም በመተላለፋቸው ነው ይላል። መጀመሪያ የተጠቀሱት፣ በምድረ በዳ የተቅበዘበዙትና የሚኖሩበትን ከተማ ያጡት ሰዎች ግን ምን እንዳጠፉ አልተነገረም። አንድም ቃል። ተራቡ፣ ተጠሙ፣ ጮኹ፣ ወደሚኖሩበት ከተማ በቀና መንገድ መራቸው፤ ይኸው ነው። እናትሽ የድሮውን ነገር የምትቆፍርበትን ጉድጓድ መዝሙሩ አልቆፈረውም። የእስማኤልን እናት አጋርንም ጨምሪላት። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ውሃው አልቆባት ልጇን ቁጥቋጦ ሥር ጥላ፣ ሲሞት አልየው ብላ ራቅ ብላ ተቀመጠች። መልአኩ «ምን ሆንሽ?» ነው ያላት። ምን አጠፋሽ አላለም። ከዚያ ዓይኗ ተከፈተና የውሃ ጉድጓድ አየች።

አሁን ወንድምሽ ሲመጣ ምን እንደምትዪው።

መጀመሪያ ምንም አትበዪው። በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ሸሽቶ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ ሞትን ለምኖ ዛፍ ሥር ተኛ። መልአኩ ነካ አድርጎ ተነሥና ብላ አለው። በላና ደግሞ ተኛ። ሁለተኛ ነካው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። አንድ ተግሣጽ የለም። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ ኮሬብ ተራራ ላይ ነው። እናንተ ቤት የሚተኛባቸው እነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት ከንቱ እንዳይመስሉሽ።

የጠፋውን ልጅ ምሳሌ አታንብቢለት። ያ ልጅ ድርሻውን ተቀብሎ የበተነ ነው፤ የአንቺ ወንድም ሥራ አጥቷል። በምሳሌ መልክ የተነገረ ስድብ እንዳይመስለው። ደጅ ስለወደቀ ሰው ከተነሣ የሉቃስ 16ቱ አልዓዛር ይቀርበዋል። እዚያው የሚጠራውን አብርሃምን ካልቆጠርን፣ በኢየሱስ ምሳሌዎች ሁሉ በስሙ የተጠራው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ባለጠጋው ስም አልተሰጠውም።

ሲያርፍ ጠይቂው። ኢየሱስ ለዕውሩ በርጤሜዎስ ምን እንዳደርግልህ ትወዳለህ አለው፤ ዕውር መሆኑ እየታየ። አንቺም እንደዚያ። የት ነው የምታድረው? የሚመታህ አለ? ያምሃል? እዚህ ስትሆን ምን ይከብድሃል? ሳይሰናበት የሚወጣው ምናልባት የሰውን ዓይን ስለማይችል ይሆናል፤ ወይም ቤቱ ውስጥ የሚካሄደው የኃጢአት ፍተሻ ጆሮው ስለደረሰ። ከሆነ ፍተሻውን አቁሙ፤ ይህ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው።

እንቅልፉ፣ ንግግሩ፣ ፍርሃቱ የሕመም መልክ ካለው ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። ጸሎቱን ማንም አልከለከላችሁም። ማርቆስ 5 ላይ በመቃብር መካከል የሚኖረው፣ ሌሊትና ቀን የሚጮኸውና ራሱን በድንጋይ የሚቧጭረው ሰው አለ። ኢየሱስ ስሙን ጠየቀው። ሰውዬው ሲድን ከእርሱ ጋር ልሂድ ብሎ ለመነ፤ ሌሎችን «ተከተሉኝ» የሚለው መምህር ይህን ሰው ግን ወደ ቤትህ፣ ወደ ቤተ ሰዎችህ ሂድ አለው። ለዚያ ሰው መዳን ማለት ቤቱ መግባት ነበር።

እምቢ ብሎ ቢወጣም በር ላይ አትጣዪው። የምትችዪውንና የማትችዪውን በግልጽ ንገሪው፤ የማትፈጽሚውን ቃል አትግቢለት። ሌሊት ቢመጣ ማንን እንደሚያንኳኳ፣ ቢታመም ለማን እንደሚደውል ይወቅ። ብቻሽን መሸከም የለብሽም። ለጸሎት ቡድናችሁም ሥራ አግኝተንላቸዋል፦ አንዱ አልጋ ያዘጋጅ፣ አንዱ ሐኪም ጋ ይሸኘው፣ አንዱ ሥራ ያፈላልግለት። ትልቁ ሰው አሁንም ስለ ቃየን ካነሡ፣ ምዕራፉን ከቁጥር 13 ጀምሮ ጮክ ብለው እንዲያነቡላችሁ በትሕትና ጠይቂያቸው። ክርክር ውስጥ አትግቢ፤ ንባቡ ይበቃል።

ደግመሽ ስትጽፊልኝ አንድ ነገር ጨምሪልኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁ ሰው ተናግረዋል፣ እህትየዋ ተናግራለች፣ እናትሽም አንቺም ተናግራችኋል። ወንድምሽ ራሱ ስለዚህ ሁሉ ምን ይላል?